አሥራ አራት ሰው የሚፈልግ ሞላ

ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ይህን ደብተር የሰጡኝ የመኪናዋን ኪሎ ሜትር እንድመዘግብበት ነበር። ቆጣሪዋ ከሞተ ሦስት ዓመት ስላለፈው ደብተሩ ለእኔ ተረፈ።

ዛሬ እድሩ ተሰብስቦ የሞላ ጉዳይ ተወሰነ። ሰሞኑን ሰው ስላልሞተ ሁሉም ጉልበት ነበረው፤ አራት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። የዝግባ አቦ እድር ከሦስት መቶ አባወራ አዋጥቶ የገዛት አሮጌ ላንድክሩዘር ሁለት ሥራ አላት፦ በሽተኛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ማድረስና አስከሬን ወደ አገሩ መመለስ። አንዳንዱን ሰው በሁለቱም አገልግላዋለች። ሾፌሯ እኔ እንዳለው ነኝ። መካኒኳም እኔ ነኝ፤ ስትቆም የምሰደበውም እኔው።

የኋላ ሞላዎቿ ካለቁ ቆይተዋል። ሞላ ያ የተጠመዘዘው ብረት ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ተሳፋሪው አብሮ እንዳይገባ የሚያደርገው። የእኛዎቹ ሥራቸውን ትተው ተኝተዋል። ጥቁር ውሃ የሚባለውን ወንዝ ስንሻገር የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ይልሳል። "በእርጅና ነው" ብዬ ለጉባኤው አስረዳሁ። ሁለት ጊዜ አስረዳሁ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ክብደት መጣ። ቡሬ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ ተስፋው "ሁልጊዜ የምትጭነውን ንገረኝ፤ ሞላ የማመጣልህ በዚያ ልክ ነው" ብሎኝ ነበር። ይህን ለጉባኤ ማቅረቤ ስህተት ነበር። የእድሩ ዳኛ መሪጌታ ክንፈሚካኤል "እንግዲያውስ ሰው እንቁጠር" አሉ። በሽተኛው አንድ፣ አስታማሚ ሁለት። አንዱ ተነሥቶ የላይ ሰፈር ሳይቆጠር መቅረቱን እንደ ንቀት እንደሚያየው ተናገረ። የላይ ሰፈር ገባ። የታች ሰፈር ዝም ሊል ነው? ገባ። ቄሱ ገቡ፤ ድንኳኑ ከነብረቱ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ሳጥኑ ሁሉ ገባ። መጨረሻ ላይ አሥራ አራት ሰውና አንድ ሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ።

"መሪጌታ፣ ሁልጊዜ ማለት እኮ በየቀኑ የምንጭነው ማለት ነው" አልኩ።

"ይሁን። ልትቀንስ ካሰብክ ማንን ነው የምትቀንሰው? ስሙን ጥራልና።"

በእኛ አገር ሰውን በስሙ ጠርቶ ከመኪና ማስቀረት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂም ነው።

ያምሮት ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከሞላው ጋር አይገናኝም። እንዲያው ጻፍኩት።

ሰኔ 9

ለተስፋው ደወልኩ። ቁጥሩን ነገርኩት። "የእህል መኪና ነው እንዴ?" አለ። የጉባኤ ውሳኔ ነው አልኩት። ሳቀና አዘዘ።

ሰኔ 17

ቡሬ ሄጄ ሞላዎቹን አየሁ። ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ፣ ወፍራም፣ ከአሮጌዎቹ በአራት ጣት የሚረዝሙ ናቸው። ተስፋው አንዱን አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና "ወንድምዓለም፣ እውነቱን ልንገርህ" አለኝ። "ይህ ሸክም ካገኘ ፍራሽ ነው። ባዶውን ከነዳኸው ግን ድንጋይ ነው። ቀለል ያለውን ላምጣልህ?"

ቀለል ያለው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንድ ወር ይፈጃል፤ ከዚያ ጉባኤው እንደገና መሰብሰብ አለበት። እንደገና ከተሰበሰበ ነሐሴም ይገባል። ነሐሴ ላይ ያምሮት ትወልዳለች። "ይሁን፣ ይኸው ይበቃል" አልኩ።

ስወጣ ሱቁ በር ላይ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "አንተ፣ ያ የዝግባ አቦው ሾፌር አይደለህም? ጠፋህሳ! ዘንድሮስ አትጭንልኝም?"

ተሳስተሃል አልኩት። ሰው ከሰው ይመሳሰላል። ተስፋው ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ሞላዎቹን ማሰር ቀጠልኩ።

ሰኔ 20

ሞላው ገባ። ወገቤ ተቆርጧል። ቢሆንም ልጻፈው።

በእድራችን ደንብ የእድሩ ንብረት ሲፈታ ንብረት ያዡ መቆም አለበት። ንብረት ያዡ ወንዳወቅ ነው፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የሚስቴ ታላቅ ወንድም። ሰውነቱ የበር ያህል ነው። ከእኔ ጋር ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። የሚለኝ ነገር ሲኖር በሦስተኛ ሰው በኩል ይልካል። ዛሬ ሦስተኛ ሰው ስላልነበረ ለክሪኩ፣ ለመኪና ማንሻው፣ ነገረው። "ይህን ሰውዬ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደግፍ በለው" አለ ወደ ክሪኩ እያየ። እኔም ለክሪኩ "ደግፌያለሁ በልልኝ" አልኩት። ክሪኩ ከሁለታችንም የተሻለ ሰው ሆኖ ዋለ።

አነሣናት። ሻንሲዋን፣ የታች አጥንቷን፣ ግንድ አስደገፍን። ንዝረት የሚያበርዱትን አሞርዛተሮች ፈታሁና ጎማዎቹን የሚያያይዘውን አክስል ቀስ እያልኩ ዝቅ ሳደርገው የግራው አሮጌ ሞላ ራሱ ወደቀ። የቀኙ አልወድቅም አለ፤ ታችኛው ጥምዝ ተሰብሮ ተቀርቅሮ ነበር። በብረት ስፈነቅለው ከነጭቃው ወረደ። ጭቃው ሲፈረከስ ከውስጡ የዛላ በርበሬ ቁራጭና ፍሬው ተበተነ። ወንዳወቅ ጎንበስ ብሎ አነሣ፣ አሸተተ፣ አስነጠሰው። እኔንም አስነጠሰኝ። ተራ በተራ ስናስነጥስ ቆየን።

ከዚያ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አይቶ ተናገረኝ። "ይህ ምንድር ነው?"

"የለቅሶ ወጥ ተደፍቶ ይሆናል፣ አያ ወንዳወቅ።"

"ከነዛላው የሚሠራ ወጥ እኔ በልቼ አላውቅም።"

ፍሬዎቹን በመሐረብ ቋጥሮ ኮቱ ኪስ ከተተ። አዲሶቹ እስኪገቡ ቆሞ ፈረመና ሄደ። ክሪኩንም ይዞት ሄደ።

ሰኔ 23

እንቅልፍ የለም። ስለ አሮጌው ሞላ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ በዚሁ ክረምት። ያምሮት ምጥ ይዟት ስንሄድ ጥቁር ውሃ ላይ ሞላው ተኛ፤ መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰው መጥቶ እስኪገፋን ሦስት ሰዓት ሄደ። ሆስፒታል ስንደርስ ልጁ በሕይወት አልነበረም። ወንድ ነበር። ጥፋቱ የሞላው ነው። እድሩም ያውቃል፤ በቃለ ጉባኤ ተጽፏል።

ተገላገልኩ። ልተኛ።

ሰኔ 24

አልተኛሁም።

ሐምሌ 2

የአዲሱ ሞላ የመጀመሪያ በሽተኛ እማሆይ ወለተ ሐና ሆኑ። እጃቸው ወልቆ ነው። መጀመሪያ መውጣት ነበረባቸው፤ መኪናዋ አራት ጣት ከፍ ስላለች በርጩማ አመጣን፣ በበርጩማው ላይ ሌላ በርጩማ። ከዚያ መንገድ ጀመርን። እሳቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና እኔ፤ በቃ። ባዶ ማለት ነው።

ተስፋው ድንጋይ ነው ሲለኝ አሳንሶ ነው የነገረኝ። በየጉድጓዱ መኪናዋ ትራገጣለች። እማሆይ በአንድ እጃቸው ቆባቸውን ይዘው ከወንበሩ እየተነሡ ይቀመጣሉ።

"አንተ ልጅ!" አሉ ማንኩሳ አካባቢ። "ወደ ሰማይ ለመሄድ ብዬ ነው የመነኮስኩት። በመኪና ግን አላልኩም!"

ሆስፒታል ነርሷ ምን እንደነካቸው ስትጠይቃቸው "ከቤት የወጣሁት በእጄ ምክንያት ነበር። አሁን ወገቤንም እዪልኝ" አሏት። ሲመለሱ በባጃጅ እስከ ማንኩሳ፣ ከዚያ በበቅሎ ሄዱ። እኔ ባዶዬን እየዘለልኩ ተከተልኳቸው።

ሐምሌ 6

ያምሮትን ለክትትል ማንኩሳ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ቀስ ብዬ ነዳሁ። በእግር የሚሄድ ሰው እየቀደመን ሰላምታ ይሰጠን ነበር። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ "አቁም" አለችኝ። ወረደች።

"ይህ ነው አዲሱ?"

"ይለምዳል፤ ገና አዲስ ስለሆነ ነው።"

"እኔ በእግሬ እመጣለሁ" አለች። መጣችም። ከኋላዋ በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ። ያየን ሰው ሁሉ ተጣልተው ነው ብሏል።

ወፍጮ ቤት ተሰልፈው የነበሩ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። "በእንዳለው መኪና ወተት ይዘሽ ብትሄጂ ቅቤ ይዘሽ ትወርጃለሽ" ትላለች አንዷ። ሳቁ። እኔም ስቄ አለፍኩ። ቤት ገብቼ መሣሪያ ሳጥኑን በእርግጫ ስለው ጣቴ አበጠ።

ምን ዓይነት ከንቱ ሰው ነኝ? ቀለል ያለውን ላምጣልህ ብሎኝ ነበር እኮ።

ሐምሌ 14

የላይ ሰፈር ለቅሶ። ሳጥን፣ ድንኳን፣ አሥራ አራት ሰው፤ ልክ ጉባኤው እንደቆጠረው። አንድ ሰው ቢቀር ኖሮ አይሞላም ነበር። ሁሉም ሲሳፈር የመኪናዋ ጀርባ ቀስ ብሎ ዝቅ አለና ተስተካከለ። ጉድጓዱ ላይ ስትደርስ ሰመጥ ብላ ተነሣች፣ በቃ። ጥቁር ውሃን እንደ አስፋልት ተሻገርነው። ከኋላ አልቃሾቹ ማልቀሱን ረስተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ቄሱ ናቸው የቀሰቀሷቸው።

ገባኝ። ሞላው አልተበላሸም። ሰው ነው የጎደለው።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። በሽተኛ ብቻውን ከሄደ ይደበደባል፤ ክብደት ያስፈልጋል አልኩ። አሸዋ በማዳበሪያ ሞልተን እንጫን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

መሪጌታ ጺማቸውን ሲያሹ ቆዩ። "አሸዋ መኪና ጭቃ ሲይዛት ወርዶ ይገፋል?"

"አይገፋም።"

"ሆስፒታል ደም ስጡ ሲባል ይሰጣል?"

"አይሰጥም፣ መሪጌታ።"

"በሽተኛው ቢያዝን 'አይዞህ' ይላል? እንግዲህ አሸዋው ይቅርብንና ሰው ይሂድ። ድሮስ ለበሽተኛ አጃቢ ከልክለን እናውቃለን?"

ስድስት ከባድ ሰዎች ተራ እንዲገቡ ተወሰነ። ሚዛን ያለው ወፍጮ ቤት ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ሄዶ እንደ ጤፍ ተመዘነ። መዝገብ ላይ "ከባድ" ተብሎ መጻፍ ክብር ሆነና አንዱ ኪሱ ውስጥ የበር ቁልፍና ድንጋይ ይዞ ተገኘ። እኔ ስድሳ አንድ ሆንኩ፤ ማንም አላዘነልኝም። ወንዳወቅ መቶ አሥራ ስምንት መዘነ። ብቻውን የሁለት ሰው ተራ ይሸፍናል። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

"እኔ እዚያ መኪና ላይ አልወጣም" አለ። ለማን እንደተናገረ ግልጽ አልነበረም፤ ሚዛኑን እያየ ነው። ልጃችንን ያጣን ዕለት እህቱን ደግፎ የወሰዳት እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተሳፍሮ አያውቅም።

ሐምሌ 27

አንድ ወባ፣ አንድ የተሰበረ እግር። ስድስት ሰው ጭኜ ወሰድኳቸው፤ ስድስት ሰው ጭኜ መለስኳቸው። ሁለቱም መንገድ ላይ ተኙ። ሞላው ግሩም ነው። ይህን ለያምሮት ነገርኳት። "እሰይ" አለችኝና ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

ነሐሴ 7

ያልታሰበ ጣጣ። ፍልሰታ ከገባ ከባዶቹ እየቀለሉ ነው። ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ዛሬ ሲመዘኑ ከስድስቱ በአጠቃላይ አሥራ አምስት ኪሎ ጠፍቷል። ጹሙ አትበሉን የሚል ጥያቄ ለቄሱ ልናቀርብ ነበር፤ መሪጌታ ሲያዩኝ ተውኩት። ሰባተኛ ሰው ጨመርን።

ዝናቡ ቀንም ሌትም ነው። ጥቁር ውሃ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። በየጠዋቱ ሄጄ እንጨት ተክዬ እለካዋለሁ። ለሥራ ነው።

ነሐሴ 17

ጾም ተፈታ። ዶሮ በላን። ሳህን እያነሣች ሳለ ያምሮት እንዲህ አለችኝ፦ "ያን ዕለት ጠዋት፣ ምጡ ሲጀምረኝ፣ የት ነበርክ?"

አምናም በክረምት ጠይቃኛለች።

"ወንዝ ወርጄ መኪናዋን እያጠብኩ። ነግሬሻለሁ እኮ።"

"እህ" አለች።

መኪናዋን እያጠብኩ ነበር። እዚህ ደግሜ ምን አስጻፈኝ? ደብተሩ አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 24፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ

ልጻፍ። ካልጻፍኩ በሩን ገፍቼ እገባለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስወጥተውኛል።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀመራት። መኪናዋ ደጃፍ ላይ ናት፤ ከሐምሌ ወዲህ ከመንደር አውጥቻት ያለ በሽተኛ አልሄድኩም። ከባዶቹን ልጠራ ስወጣ አራቱ ብቻ ተገኙ። አንዱ ሽንዲ ለልጁ ሽምግልና ሄዷል፣ ሁለቱን ጉንፋን ጥሏቸዋል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ፤ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ናቸው፣ ለጸሎት ይሆናሉ። ክብደት አይሞላም። ያምሮትን ኋላ ፍራሽ ላይ አስተኝቼ ሞተር ሳስነሣ መኪናዋ ድንገት በአንድ በኩል ዝቅ አለች። ዞር ብዬ ሳይ ወንዳወቅ ነው። ማንም አልጠራውም። እህቱ እግር ሥር ተቀምጦ እግሯን ጭኑ ላይ አደረገና "ሂድ" አለኝ። ለእኔ ነው ያለው፤ ለክሪክ አይደለም።

ጥቁር ውሃ የተከልኩትን እንጨት ውጦታል። ቆምኩ። ከባዶቹ አንዱ "ወርደን እናቅልልላት?" አለ። አትውረዱ አልኩ። ብትቀል ውሃው ይወስዳታል፤ አሁን ከታች የሚይዛት ክብደታችሁ ነው። ሰዎቹ ተያዩ። ሁሉም ልጆች አሉት። መሪጌታ "እንግዲህ ተቀምጠናል" አሉ፤ ከዚያ ሰላም ለኪን በጥድፊያ አወረዱት፤ ተማሪያቸው እንዲያ ቢል በአለንጋ ይገርፉት ነበር።

ገባሁ። ውሃው በሩን መታ፣ በበሩ ሥር ገባ። ጎማዎቹ ድንጋዩን እየጨበጡ ሄዱ። ያምሮት ጮኸች። መሐል ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት፣ ወንዳወቅ ድምፁን ሳያነሣ "በርበሬው የማን ነበር?" አለኝ። ውሃውን እያየሁ ነዳሁ። ወጣን። ከዚያ እስከ አስፋልቱ ድረስ መኪናዋ አንድም ጊዜ አልዘለለችም።

አሁን ወንዳወቅ አጠገቤ ተቀምጧል። አግዳሚው ወደ እሱ አጋድሏል። ቅድም እንዲህ አለኝ፦ "ሁለት ዓመት ለሰው ትንፍሽ አላልኩም። በርበሬውን ቡሬ ስታራግፍ ያየህ የወፍጮ ደንበኛዬ ያኔውኑ ነግሮኛል። ፍሬውን ከሞላው ሳገኝ ደግሞ የሰበረው ምን እንደሆነ ገባኝ። ቢሆንም እኔ አልናገርልህም። ተናገር።"

በሩ ተከፈተ

ነሐሴ 25

ሴት። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ነርሷ ስትነግረኝ "ለሞላው ምንም አትጨምርም" አልኩ፤ አፌ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ከዚያ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ። ያምሮት ደህና ናት። ሁለት ከባዶች ደም ሰጡ።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ጉባኤ። እጄን አወጣሁ። ስምንት ቀን ሙሉ ምላሴ ላይ ያለውን ሁሉ ተናገርኩት።

በክረምት ያለ በሽተኛና ያለ አስከሬን ከመንደር እንዳትወጣ በደንብ የተከለከለችውን መኪና፣ ያን ዕለት ገና ሳይነጋ፣ ለአንድ ነጋዴ አሥራ አንድ ጆንያ በርበሬ ጭኜ ቡሬ ወሰድኩባት አልኩ። ሞላው የተሰበረው በእርጅና አይደለም፣ በእኔ ጆንያ ነው። ያምሮትን ከንጋት ጀምሮ ምጥ ይዟት ሰው በየአቅጣጫው ሲፈልገኝ እኔ ቡሬ በርበሬ ሳራግፍ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ነው የደረስኩት። ወንዙ ውስጥ ስንገባ ሞላው ተሰብሮ ነበር፤ አውቅ ነበር። አዲሱን ሞላ እናንተ አዋጥታችሁ የገዛችሁት በእኔ ጥፋት ነው።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ "ይመዝገብ?" አለ። መሪጌታ መሬት መሬቱን እያዩ "ይመዝገብ" አሉ። ቅጣት ተወሰነ፤ ሞላውን እኔ እከፍላለሁ። ቁልፉንም ተቀበሉኝ። ከዚያ ሌላ መንዳት የሚችል ሰው እንደሌለ አንዱ አስታወሰ። ጥቂት ተጉረመረሙና ቁልፉ ወንዳወቅ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ በሽተኛ ሲኖር ከእሱ ተቀብዬ እንድነዳ ተባለ። አንዳንዱ ስወጣ እጄን ጨበጠኝ፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። ሁለቱም ይገባኛል። ሰውነቴ ቀለለኝ። ፎክሬ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

ቤት ስገባ ያምሮት ልጅቷን እያጠባች ነበር። ወሬው ቀድሞኛል፤ ጎረቤት በጓሮ ነግራታለች።

"ተናገርክ አሉ" አለችኝ።

"አዎ። ሁሉንም። ለሦስት መቶ ሰው።"

ልጅቷን ከጡቷ አላቀቀችና ትከሻዋ ላይ አደረገቻት። ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች አየችኝ።

"እኔ አውቅ ነበር። ገና በአራስ ቤት እያለሁ፣ ጃኬትህን ሳጥብ አስነጠሰኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ የት ነበርክ እያልኩ የጠየቅኩህ ስለማላውቅ ነው? አንተ እንድትነግረኝ ነበር።" ድምጿ አልተነሣም። "ልጁ የእኔ ነበር፣ እንዳለው። የእድሩ አልነበረም። ሄደህ ለእድሩ ነገርከው።"

ወንዳወቅ ተናገር ሲለኝ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር። ለሦስት መቶ ሰው መናገር ይህን ያህል ለምን እንደቀለለኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ። በጉባኤ ካፈርኩት በላይ አፈርኩ።

"አሁን ልንገርሽ?" አልኳት።

"ንገረኝ። እነሱ ፊት እንደተናገርከው አይደለም። ከመጀመሪያው።"

በሩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ እንደነበር፣ እንዳልቀሰቅሳት ጫማዬን በእጄ ይዤ እንደወጣሁ፣ ከዚያ ጀመርኩላት።